የቱን ለዛፉ እንስጠው? (ስለ ሰበብና ስለ ውጤት አጭር ታሪክ)

ከዳንግላ ተነሥቶ ወደ እንጅባራ የሚጓዝ ሰው አዲስ ቅዳም ሲደርስ በግራም በቀኝም አንድ ዓይነት ደን ያጅበዋል። ቅጠሉ ላባ የመሰለ፣ ቁመቱ የተስተካከለ፣ ለሰልፍ የቆመ ወታደር የሚያስታውስ ዛፍ ነው። የትውልድ አገሩ አውስትራሊያ ነው፤ አገሬው ግን ከሳይንስ ስሙ ግማሹን ቆርሶ «ዲከረንስ» ይለዋል። መንገዱ ዳር የከሰል ጆንያ ተደርድሮ የጭነት መኪና ይጠብቃል። የፋግታ ለኮማ ገበሬ ችግኙን ከጤፍ ወይም ከስንዴ ጋር በአንድ ማሳ ላይ ያበቅለዋል። በመጀመሪያው ዓመት እህሉን ያነሣል፤ ቀጥሎ ከዛፉ ሥር የሚበቅለውን ሣር ለከብቱ ያጭዳል፤ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ግድም ዛፉን ቆርጦ ያከስላል፤ ከዚያም መሬቱን እንደገና አርሶ ይዘራል። ባለፉት ሠላሳ ዓመታት ገደማ ይህ አሠራር የወረዳውን መልክ ለውጦታል። በአገራችን ደን ተመናመነ እንጂ ተመለሰ የሚባልበት ቦታ ጥቂት ስለሆነ፣ የባሕር ዳርም የውጭም ተመራማሪዎች ጉዳዩን ሊያጠኑ ደጋግመው መጥተዋል።

ባለፈው ክረምት እኔም እንደ ብዙዎቻችሁ መጠይቄን በብብቴ ሸጉጬ ወደዚያው ወረድሁ። ለመመረቂያ ጽሑፍ ነው። ርእሱ የተለመደው ነው፤ «የዲከረንስ ተከላ በገበሬው ገቢ ላይ ያስከተለው ለውጥ»። 14ኛው ጥያቄዬ «ዛፍ ከመትከልዎ በፊት የዓመት ገቢዎ ስንት ነበር? ከተከሉ በኋላስ?» የሚል ነበር። ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው የነበሩ አንድ አዛውንት ጥያቄውን ሁለት ጊዜ አስደገሙኝና ሣቅ አሉ።

«ልጄ፣ ያን ጊዜኮ ልጆቼ ሕፃናት ነበሩ። አሁን አንዱ ከተማ ገብቶ ይልክልኛል። ያን ጊዜ የቀበሌያችን መንገድ ጭቃ ነበር፤ መኪና የት አባቱ ይገባል! ማዳበሪያውም ዋጋው ሌላ፣ የከሰሉም ዋጋ ሌላ ነበር። አሁን ደህና ነኝ፤ ተመስገን። ታዲያ የቱን ለዛፉ እንስጠው?»

«እሱን እንኳ አላውቅም፣ አባቴ» አልኋቸው። እውነቴን ነው። የዚያን ዕለት ማታ መጠይቁን ገልጬ ሳየው፣ የምጠይቀውን ነገር ራሴ እንደማላውቀው ገባኝ። ይህች ጽሑፍ የተወለደችው ከዚያ እፍረት ነው።

ያገራችን ሰው «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይላል። ሥሩ የት እንዳለ ግን ተረቱ አይነግረንም። ሰው ሁሉ ሰበብ ፈላጊ ነው። ዝናቡ ቢዘገይ፣ ላሟ ብትነጥፍ፣ ልጁ በትምህርቱ ቢሰንፍ ወዲያው «በእንዲህ ምክንያት ነው» ይላል። ምሁሩም ከዚህ አይርቅም፤ ልዩነቱ በቁጥር መናገሩ ብቻ ነው። ሁላችንም የምንወድቅባቸው ጉድጓዶች ደግሞ ሁለት ናቸው።

የመጀመሪያው «በፊትና በኋላ» ይባላል። ከመትከሉ በፊት ድኻ ነበር፣ ከተከለ በኋላ ሀብታም ሆነ፤ ስለዚህ ዛፉ አበለጸገው! አዛውንቱ ያፈረሱብኝ ይህንን ነው። በመካከሉ ያለፈው ዘመን ብዙ ነገር ይዞ አልፏል። ሁለተኛው ጉድጓድ «የተከለና ያልተከለ» ይባላል። ከተከለው ገበሬ ገቢ ያልተከለውን ቀንሶ፣ የተረፈውን ለዛፉ መስጠት ማለት ነው። ግን እስቲ እናስተውል፤ የሚተክለው ማነው? መሬቱ ሰፋ ያለ፣ አምስት ዓመት ለመጠበቅ አቅም ያለው፣ ማሳው ለመንገድ የቀረበ ሰው ነው። አንዲት ጥማድ መሬት ብቻ ያለችው ባልቴትማ በዛፍ ሸፍናት ምን ልትበላ ነው? እንግዲህ ተካዩ ዛፉን ባይተክልም ኖሮ ከእርሷ የተሻለ ገቢ ይኖረው ነበር። ልዩነቱን ሁሉ ለዛፉ መስጠት አህያውን ትቶ ዳውላውን መደብደብ ነው።

ትክክለኛው ጥያቄ ሌላ ነው። ይኸው ሰው፣ በዚሁ ዓመት፣ በዚሁ መንደር፣ ባይተክል ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ችግሩ ይህን «ባይተክል ኖሮ» የተባለውን ሰው ማንም አይቶት የማያውቅ መሆኑ ነው። አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ተክሎም ሳይተክልም አይኖርም። የምክንያትና የውጤት ምርመራ ታሪክ በሞላ፣ ይህን የማይታይ ሰው በሌላ በሚታይ ሰው ለመተካት የተደረገ ትግል ታሪክ ነው።

ትግሉ ከኢኮኖሚስቶች አልጀመረም። እ.ኤ.አ. በ1854 ለንደንን ኮሌራ ሲፈጃት፣ የዘመኑ ሐኪሞች አብዛኞቹ በሽታው ከመጥፎ አየር ይመጣል ይሉ ነበር። ጆን ስኖው የተባለው ሐኪም ግን ውኃውን ጠረጠረ። በደቡብ ለንደን ሁለት የውኃ ኩባንያዎች በአንድ መንገድ ላይ፣ አንዳንዴም ጎን ለጎን ላሉ ቤቶች ያድሉ ነበር። አንደኛው ከከተማው ፍሳሽ በታች ካለው የቴምስ ወንዝ ይቀዳል፤ ሁለተኛው ግን በ1852 መቅጃውን ከከተማው በላይ ወዳለው ንጹሕ ውኃ አዛውሮ ነበር። ሀብታሙም ድኻውም፣ ትልቁም ትንሹም ቤት ከሁለቱም ይጠጣል። ስኖው በየቤቱ እየዞረ ከየትኛው እንደሚቀዱ ጠየቀና ቆጠረ። በቆሻሻው ውኃ ተጠቃሚዎች ዘንድ ከ10,000 ቤት 315 ሰው ሞቷል፤ በንጹሑ ዘንድ 37። ጎረቤት ለጎረቤት ነውና በአየር ማሳበብ አልተቻለም። ስኖው የኮሌራን ተሕዋስ በዓይኑ አላየም። ያየው አንድ ነገር ነው፤ በውኃቸው ብቻ እንጂ በሌላ የማይለያዩ ሰዎችን።

ስኖው ዕድለኛ ነበር፤ ኩባንያዎቹ ሳያስቡት ሕዝቡን ደባልቀውለታል። ዕድል ባይኖርስ? መልሱ የመጣው ከእርሻ ነው። ሮናልድ ፊሸር እ.ኤ.አ. ከ1919 ጀምሮ በእንግሊዝ አገር ሮታምስቴድ በተባለው የእርሻ ምርምር ጣቢያ ይሠራ ነበር። ማዳበሪያ ያገኘው ማሳ የተሻለ ቢያፈራ፣ ከማዳበሪያው ነው ወይስ ቀድሞውንም አፈሩ ለም ስለነበረ? ፊሸር ማሳዎቹን በዕጣ ደለደላቸው። ዕጣ ለምነትን አያውቅም፣ ተዳፋትን አያውቅም፣ የባለቤቱንም ትጋት አያውቅም። ማሳዎቹ በቂ ቁጥር ካላቸው ለሙም ጭንጫውም በሁለቱ ወገን ይከፋፈላል። እ.ኤ.አ. በ1935 የሙከራ አቀማመጥን የሚያስተምር መጽሐፉን ሲያወጣ ዕጣ የሳይንስ መሣሪያ ሆነች።

ይህ ነገር ለኛ ባዕድ አይደለም። ዕቁብን አስቡት። አሥራ ሁለት ሰዎች በየወሩ እኩል ያዋጣሉ፤ ዕጣ ይወጣል። በመጀመሪያው ወር የደረሰውና በመጨረሻው ወር የሚደርሰው የሚለያዩት በዕጣ ብቻ ነው፤ ከጸባይም ከሀብትም አይደለም። አንድ ዕቁብ ትንሽ ናት፤ መቶ ዕቁብ ብንሰበስብና ቶሎ የደረሳቸው በዓመቱ መጨረሻ ብዙ በሬ ገዝተው ብናገኝ ግን፣ «ገንዘብን ቀደም ብሎ ማግኘት ይጠቅማል» ለማለት ደፋሮች አንባልም። አንድ ነገር ብቻ እንጠንቀቅ። በብዙ ዕቁብ የቸገረው ሰው ዳኛውን ለምኖ ዕጣውን ያስቀድማል፣ አለዚያም የደረሰው ይሸጣል። ያኔ ዕጣው ዕጣ መሆኑ ቀረ፤ ቀድሞ የወሰደው የባሰ የቸገረው ሰው ሆነና ንጽጽሩ ተበላሸ። በትልልቆቹ የዓለም ጥናቶችም የሚገጥመው ችግር ይኸው ነው።

ዕጣ ሁሉን ትፈታለች ማለት ግን አይደለም። ሪቻርድ ዶልና ብራድፎርድ ሂል እ.ኤ.አ. በ1950 ሲጋራና የሳንባ ነቀርሳ መያያዛቸውን ሲያሳዩ፣ ከተቃወሟቸው አንዱ ራሱ ፊሸር ነበር። ሰዎች በዕጣ አልተደለደሉምና፣ ምናልባት ሰውን አጫሽም በሽተኛም የሚያደርግ ሌላ የተደበቀ የተፈጥሮ ሰበብ ይኖራል አለ። ፊሸር ፒፓውን ከአፉ የማያወጣ አጫሽ እንደነበረም ይታወቃል። ጥያቄው ሕጋዊ ነበር፤ ማስረጃው እየተከመረ ሲሄድ ግን ተሸነፈ። እ.ኤ.አ. በ1964 የአሜሪካ መንግሥት የጤና ሹም ሲጋራ የሳንባ ነቀርሳ ምክንያት መሆኑን በይፋ አስታወቀ። ዕጣ የለም ብሎ እጅን አጣጥፎ መቀመጥም ስህተት ነው፤ ስህተቱም ሰው ይገድላል።

ኢኮኖሚስቶች ወደዚህ መድረክ በብዛት የገቡት ዘግይተው ነው። ደመወዝን፣ ግብርን፣ የመሬት ሕግን በዕጣ ማደል አይቻልም ብለው ያምኑ ነበር። ስለዚህም ለረዥም ጊዜ ብዙ ቁጥር ሰብስቦ ማዛመድን እንደ በቂ ማስረጃ ቆጠሩት። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1974 ስታቲስቲክስ ሊቁ ዶናልድ ሩቢን «ባይሆን ኖሮ» የሚለውን ጥያቄ ለምልከታ ጥናት በሚመች መልክ ጻፈው። ዤርዚ ኔይማን የተባለው ፖላንዳዊ በ1923 ለእርሻ ሙከራ አስቦት የነበረ ሐሳብ ነው። ቀጥሎ እ.ኤ.አ. በ1994 ዴቪድ ካርድና አለን ክሩገር የስኖውን መንገድ ወደ ደመወዝ አመጡት። በአሜሪካ የኒው ጀርሲ ግዛት ዝቅተኛውን የሰዓት ደመወዝ ከ4.25 ወደ 5.05 ዶላር ስታሳድግ፣ ጎረቤቷ ፔንሲልቬንያ አልነካችም። ሁለቱ በድንበሩ ግራና ቀኝ ያሉ 410 የፈጣን ምግብ ቤቶችን ከጭማሪው በፊትና በኋላ ጠየቁ። በኒው ጀርሲ የሆነውን ለውጥ ከፔንሲልቬንያ ለውጥ ጋር አስተያዩ። የልዩነት ልዩነት ማለት ነው። ሠራተኛ ይባረራል የተባለው ትንበያ አልታየም። ክርክሩ ለዓመታት ቢቀጥልም፣ መንገዱ ተከፈተ። እ.ኤ.አ. በ2021 ካርድ ከጆሹዋ አንግሪስትና ከጊዶ ኢምበንስ ጋር የኢኮኖሚክስ ኖቤል ተሸለመ። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀድሞ ሽልማቱን ያገኙት ባነርጂ፣ ዱፍሎና ክሬመር ደግሞ ዕጣን ራሷን ወደ ድኾች መንደር ያወረዱ ናቸው፤ ክሬመር ሥራውን የጀመረው በምዕራብ ኬንያ ትምህርት ቤቶች ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። የኢትዮጵያ ገበሬ ሳይለካ አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ1989 በጥቂት መንደሮች የተጀመረው የገጠር ቤተሰብ ጥናት፣ ከ1994 ጀምሮ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በኦክስፎርድ ተመራማሪዎች ትብብር ወደ 15 መንደሮች ሰፍቶ፣ ያንኑ ቤተሰብ እየተመላለሰ እየጠየቀ እስከ 2009 ዘለቀ። አንድን ሰው አሥራ አምስት ዓመት መከተል ማለት «በፊት ስንት ነበር» ብሎ ከትዝታ መለመን ቀረ ማለት ነው። የኔ 14ኛ ጥያቄ የደከመበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነበር።

ለኛ የቀረበው ግን የመሬት ደብተሩ ጥናት ነው። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል መሬት እንደገና ሲደለደል፣ ገበሬው «ነገስ ማን ይወስድብኛል?» የሚል ስጋት አደረበት። ክልሉ በ1992 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ አወጣ፤ ጥቂት ዓመታት ቆይቶም የባልና የሚስት ፎቶግራፍ የተለጠፈበት የይዞታ ደብተር መታደል ጀመረ። ደብተሩ ጠቀመ ወይስ ወረቀት ሆኖ ቀረ? ደብተር ያለውን ከሌለው ጋር ብቻ ማነጻጸር ሁለተኛው ጉድጓድ ነው። ክላውስ ዳይኒንገር፣ ዳንኤል አያሌው አሊና ተክኤ ዓለሙ እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጥናት የወሰዱት መንገድ ቀላልና ብልህ ነው። ምዝገባው በየቀበሌው እየተራ ስለሄደ፣ ተራቸው የደረሳቸውን ተራቸውን ከሚጠብቁት ጋር አስተያዩ። ለዚያውም በአራት ዙር ከተጠየቁ ከእነዚያው ቤተሰቦች ነው። ውጤቱም ደብተሩ ስጋትን እንደቀነሰ፣ ገበሬው መሬቱን ለመጠበቅ የሚያደርገውን ጥረት እንዳሳደገ፣ መሬት ማከራየትንም እንዳበረታታ፣ ጥቅሙም ከወጪው በእጅጉ እንደሚበልጥ አሳየ። ተረኛና ገና ተረኛ! የዕቁቡ ብልሃት አይደለም እንዴ?

ሌላው ምሳሌ ጤፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ግድም ጤፍን በመስመር መዝራት ምርቱን በብዙ እጥፍ ያሳድጋል ተብሎ በየቀበሌው ዘመቻ ሲደረግ፣ ዘመቻው በዕጣ የተፈተነባቸው ቀበሌዎች ነበሩ። አለማየሁ ስዩም ታፈሰና መክድም ደረጀ ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር ያጠኑት ነው። ምርት ጨምሯል፤ ነገር ግን የታየው ጭማሪ በሠርቶ ማሳያ ማሳ ላይ ተስፋ ከተሰጠው በእጅጉ ያነሰ ነበር። ሠርቶ ማሳያው ምርጥ መሬት፣ ምርጥ ገበሬና ባለሙያ በየሳምንቱ የሚጎበኘው ነውና! በመስመር ለመዝራት ደግሞ የቤተሰቡ ጉልበት ይፈሳል። ይህን ሳይቆጥር ገበሬውን «ልማድ አጥባቂ» ብሎ የሚወቅስ ባለሙያ መጀመሪያ ሒሳቡን ይሥራ።

ሦስተኛው የፋብሪካ ሥራ ነው። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን በኢትዮጵያ 5 ድርጅቶች ሥራ ለማግኘት ካመለከቱ ወደ 1,000 የሚጠጉ ሰዎች መካከል ተቀጣሪውን በዕጣ አስለዩ። ከቀሪዎቹ ለከፊሎቹም በዕጣ 300 ዶላር ገደማና የንግድ ሥልጠና ሰጡ። ከአንድ ዓመት በኋላ የፋብሪካው ሥራ ገቢን አላሳደገም፤ ለጤና ጠንቅ ሆኖ ተገኘ፤ አብዛኞቹም በጥቂት ወራት ውስጥ ትተውት ሄዱ። ገንዘቡን ያገኙት ግን ገቢያቸው ከፍ አለ። ይህን ሰምተን «ገንዘቡን ማደል ነው!» ብለን ሳናበቃ፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ተመልሰው ሲጠይቁ በቡድኖቹ መካከል የነበረው ልዩነት ተሟጦ አገኙት። «መቼ ለካህ?» የሚለው ጥያቄ «ምን ለካህ?» ከሚለው አያንስም።

ዕጣም ሆነ መጠይቅ የማይደርስበት ነገርስ? የኛን የጎጃምን ታሪክ ውሰዱ። በ1960 ዓ.ም. አሥራትን ያስቀረና የእርሻ ገቢ ግብርን የተካ አዋጅ ሲወጣ፣ ገበሬው በሞጣና በቢቸና፣ በሌሎችም የጎጃም አውራጃዎች አመፀ። ሰበቡ ምን ነበር? «ግብር ስለበዛበት» የሚለው መልስ ወዲያው ይመጣል። አዋጁ ግን ለጎጃም ብቻ አልወጣም፤ ለመላው አገር ነው። በየቦታው ያለ ነገር በአንድ ቦታ ብቻ ለሆነ ነገር ብቻውን ሰበብ ሊሆን አይችልም። ስለዚህ ጎጃምን ከሌላው የለየውን መፈለግ ግድ ነው። ርስቱን፣ ግምገማው መሬት ለመለካት መንገድ ነው የሚለውን ሥር የሰደደ ፍርሃት፣ በጠቅላይ ግዛቱ ገዢ በፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ላይ የነበረውን ምሬት። ገብሩ ታረቀ እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተመው መጽሐፉ የጎጃምን አመፅ ከትግራይና ከባሌ አመፆች ጎን አስቀምጦ መርምሯል። ማነጻጸር የኢኮኖሚስት ብቻ ርስት አይደለችም። በበኩሌ የምጨምረው አንድ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ያመፁትን ብቻ ካጠናን፣ ያው ርስት፣ ያው ፍርሃት፣ ያው ምሬት ኖሮት ያላመፀውን አውራጃ ረስተናል። መልሱ ምናልባት ያለው ዝም ያለው ዘንድ ነው።

አሁን ወደ አዊ ልመለስ። አገራችን ለመለካት እንግዳ አይደለችም። እ.ኤ.አ. ከ1925 ጀምሮ ዳንግላ ላይ የተቀመጠው የእንግሊዝ ቆንስል ሮበርት ቺዝማን የጣናን ዳርቻና የዓባይን ሸለቆ በእግርና በበቅሎ እየዞረ ካርታ አንሥቷል። ያን ጊዜ ለካሹ እንግዳ፣ አገሬው መንገድ መሪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 ግን በዳንግላ ወረዳ በዳንግሽታ ገበሬዎች ራሳቸው ዝናቡን፣ የወንዙን ከፍታና የጉድጓዱን ውኃ እየለኩ መዝገብ ይዘዋል፤ ከኒውካስል ዩኒቨርሲቲ የመጡ ተመራማሪዎችም የገበሬዎቹ ልኬት ለሳይንስ የሚታመን መሆኑን መርምረው አሳትመዋል። በፋግታ ለኮማ ጉደር ደግሞ ካሲሪና አኩስቲ የሚባሉ ጎረቤታሞች ተፋሰሶች አሉ። አንዱ እርከንና ሌላ የአፈር ጥበቃ ሥራ ሲሠራበት ሌላው ማነጻጸሪያ ሆኖ፣ የሚወርደው ደለል ተለክቷል። አየር አንድ፣ ዝናብ አንድ ነውና የስኖውን ጎረቤታሞች ቤቶች ያስታውሳል። ግን ሁለት ተፋሰስ ሁለት ብቻ ነው። እርከኑ ከመሠራቱ በፊትስ ልዩነት አልነበራቸውም ወይ? ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ ነገር ፈላጊ አይባልም።

ዲከረንስስ? በዚህ በ2010ሮቹ ዛፉን ዝገት የመሰለ የፈንገስ በሽታ መታው። ቅጠሉን አጠወለገ፣ ችግኙን አደረቀ። በደቡብ አፍሪካም ያን መሰል በሽታ እ.ኤ.አ. በ2013 በዘመዱ ዛፍ ላይ ታይቶ ነበር። አሁን በየመንደሩ ክርክር አለ። አንዱ «ዛፉ ራሱ መሬታችንን ገደለው» ይላል። ሌላው «ዛፉ ባይኖር ኖሮ ይህ የኮመጠጠ አፈር ገብስ እንኳ አያበቅልልንም ነበር፤ ያዳነን እሱ ነው» ይላል። የደጋው አፈር አሲድነት የታወቀ ችግር ነው፤ ዛፉም ናይትሮጅን ወደ አፈር የሚመልስ ዓይነት ነው። ሁለቱም ተከራካሪዎች ማስረጃቸውን ከዓይናቸው ነው የሚያመጡት። ሁለቱም ያላዩት ያንኑ ሰው ነው፤ «ባይተክል ኖሮ» የተባለውን።

ይህ የምሁራን ጨዋታ ቢሆን ኖሮ ዝም ባልሁ። ነገር ግን የምንጽፈው ወረቀት አንድ ቀን በአንድ ጽሕፈት ቤት ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። «ዲከረንስ ገቢን በዚህን ያህል በመቶ ያሳድጋል» ብለን ከጻፍን፣ ያችን አንዲት ጥማድ ያላትን ባልቴት «ትከዪ» የሚል ባለሙያ ይመጣል። የኛ ቁጥር ግን ከሰፊ መሬት ባለቤት የተወሰደ ነው። እርሷ ትተክላለች፤ አምስት ዓመት ትጠብቃለች፤ በሦስተኛው ዓመት በሽታው ይመጣል። በተቃራኒውም እንዲሁ ነው። በሽታውን አይተን «ዛፉ ጥፋት ነው፣ ይነቀል» ብንል፣ ልጆቹን በከሰል ያስተማረውን ሰው እንጀራ እንነቅላለን። ለስህተታችን ማዕረግ እናገኝበታለን፤ ዋጋውን የሚከፍለው ግን እርሱ ነው።

ወንድሞችና እኅቶች፣ በየትምህርት ክፍላችን መደርደሪያ ላይ የተከመረውን የመመረቂያ ጽሑፍ እስቲ ዞር ብላችሁ እዩት። ርእሱ ሁሉ «ያስከተለው ለውጥ»፣ «ያስገኘው ጥቅም» ነው፤ ውስጡ ግን ስንቱ የተከለና ያልተከለን ቀናንሶ ያበቃ ነው! ዕጣ ማውጣት ለኛ አቅም ይከብዳል። መጠየቅ ግን አይከብድም። ማን ቀድሞ አገኘ? ለምን እርሱ? ተራውን የሚጠብቅ ነበረ ወይ? ፈልጎ ያጣውስ ማነው? ይህን ለመጠየቅ ኮምፒዩተርም ኖቤልም አያስፈልግም።

እኔ መስከረም ሳይጠባ ወደ ፋግታ ተመልሼ ሄጄ ነበር። 14ኛውን ጥያቄ ሰርዤዋለሁ። በቦታው ሌላ አስገባሁ፤ «ችግኝ ፈልገው ያጡበት ዓመት አለ ወይ? የትኛው ዓመት ነው? ያን ዓመት ያገኘው ጎረቤትዎ ማን ነበር?» አዛውንቱን ደጃፋቸው ላይ አገኘኋቸውና ይህን ጠየቅኋቸው። አሁን አልሣቁም። ጥቂት አሰቡና፣ ችግኝ አልቆባቸው ባዶ እጃቸውን የተመለሱ ሦስት ጎረቤቶቻቸውን በጣታቸው እየጠቆሙ ቤታቸውን አሳዩኝ። በዚያው ዕለት ሁለቱን አነጋገርሁ። ሦስተኛው ገበያ ሄዶ ነበር፤ ቅዳሜ ነው።